የአርባ አንድ ቁጥር ሸሚዝ

ጎርፉ የታችኛውን ሰፈር ጠርጎ የወሰደው ሰው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ነው። ውሃው ድልድዩን ገንጥሎ፣ የቆርቆሮ ቤቶቹን እንደ ክብሪት ቀፎ እያጨማደደ አለፈና ረፋዱ ላይ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ የሰው ሆነ፤ ከጭቃ ውስጥ ሬሳ ማውጣት። የወጣው ሁሉ እየተጫነ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደ።

የሆስፒታሉ ሬሳ ክፍል ለእንዲህ ያለ መዓት የተሠራ አልነበረም። ዘመዱ የጠፋበት ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሎ ካልገባሁ ይላል፤ የገባው ደግሞ የሌላውን ሰው ሬሳ እየገለጠ፣ የራሱን ሳያገኝ ራሱን ስቶ በሰው ሸክም ይወጣል። ሐኪሞቹ ይህ እንደማያዛልቅ ሲያዩ መላ መቱ። የሟቾቹ ፎቶ ይነሣ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠው፣ ቤተሰብ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ በኮምፒውተር ይመልከት፤ የኔ ነው የሚል ብቻ ገብቶ አይቶ ይረከብ ተባለ።

ሥራው የተሰጠው ቀደም ሲል የሆስፒታሉን የቀጠሮ ድረ ገጽ ለሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ፣ አለቃቸውን ጨምሮ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ኮዱን የጻፈችው ሴት በቢሮው ውስጥ ጥንቅቋ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። በሩን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ደረጃውን ግማሽ ወርዳ፣ ተመልሳ እጀታውን ትነቀንቀዋለች። ሻይ ሲቀርብላት እንኳ ጨው እንዳይሆን ስኳሩን አስቀድማ ትቀምሳለች እያሉ ይስቁባታል። ስቀውባት ሲያበቁ ግን የየራሳቸውን ሥራ ይዘው መጥተው፣ እስቲ አንዴ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት ይሏታል።

ሥራው አንድ አስቸጋሪ ነገር ነበረው። በመጀመሪያው ቀን አንድ የማያፍር ሰው የአንዲት ልጅ ሬሳ በስልኩ አንስቶ በማሰራጨቱ፣ እናቷ መርዶዋን የሰማችው ከዚያ ፎቶ ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ የማንም ፎቶ የኢንተርኔት አድራሻ ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይሄድ አጥብቆ አስጠነቀቀ። ጥንቅቋም በፎቶዎቹ አድራሻ ላይ ቁጥር እንዳይኖር አደረገች። አንድ ሰው የአንዱን ሟች ቁጥር ሲጫን፣ ፎቶዎቹን የያዘው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ለዚያ ሰው በያዘለት ማስታወሻ ላይ፣ ባለሙያዎቹ ሴሽን በሚሉት ላይ ማለት ነው፣ ይህ ሰው አሁን የሚያየው እገሌን ነው ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የፊቱ ፎቶ፣ የልብሱ ፎቶ፣ በሰውነቱ ላይ የተገኘው ምልክት ፎቶ ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ሰርቨሩም ማስታወሻውን እያየ እዚያ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ ያወጣል። ማስታወሻው ደግሞ ቁልፍ አለው። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው በር ላይ ይቆማል። እንደ ባለ አንድ ወንበር ጸጉር ቤት በሉት።

ችግሩ የመጣው በዚሁ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሁሉንም ሟቾች ትንንሽ ፎቶ ይደረድራል። ሁሉም በአንድ በር ሊገቡ ሲሰለፉ፣ ስክሪኑ በግራጫ ሳጥኖች ተሞልቶ ይቀመጥና ፊቶቹ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በእያንዳንዱ ግራጫ ሳጥን ፊት ትንፋሹን ይዞ ይቀመጣል። ቀጣዩ ባሌ ይሆን፣ ቀጣዩ ልጄ ይሆን እያለ። አንዲት ሴት ሳጥኑ እስኪሞላ መጠበቅ አቅቷት ወንበሯ ላይ እንዳለች ተዝለፈለፈች። አንድ ጎልማሳ ስክሪኑን በቡጢ ነረተው። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ለአለቃዋ ደወለ፤ አለቃዋም መጥቶ አዳራሹ ጥግ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ከተቀመጠችበት ከጀርባዋ ቆመ።

ቁልፉን እንድታነሳው ነገራት። እሷም ቁልፉ ያለ ምክንያት እንዳልተቀመጠ፣ ከማንሳቷ በፊት የፎቶዎቹን አጠያየቅ እንደገና መጻፍ እንዳለባት፣ እስከ ነገ እንዲታገሳት ለመነችው።

«እስከ ነገ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስቲ ቀና ብለሽ እያቸውና እስከ ነገ ጠብቁ በያቸው።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ያሸነፏትም እነሱ እንጂ እሱ አይደለም። አንድ መስመር ቀየረች፤ ፎቶዎቹ ማስታወሻውን ሳይጠባበቁ፣ ሁሉም ባንዴ እንዲያነቡ አደረገች። ከዚያ ሞከረችው። አንድ ቁጥር ከፍታ ሦስቱን ፎቶ አየች፤ ልክ ነው። ዘግታ ሌላ ከፈተች፤ ልክ ነው። ደግማ ደጋግማ አየችው። የሞከረችው ግን እንደ ረጋ ሰው፣ አንዱን ዘግታ ሌላውን እየከፈተች ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የረጋ ሰው አልነበረም።

ገጹ በዓይን ጥቅሻ መሙላት ጀመረ። አስተዳዳሪው መጥቶ እጇን ጨብጦ አመሰገናት። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ በወጉ ምሳ የበላችው ያን ቀን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት በኋላ ነው ያስታወሰችው።

በማግሥቱ አዳራሹ ከገቡት መካከል አንድ በያጅና ሴት ልጁ ነበሩ። የበያጁ ቤት ከላይኛው ሰፈር ስለሆነ ውሃው አልነካውም። የብየዳ ቤቱ ግን ከታች ነበር፤ የብየዳ ማሽኑን ሌባ እንዳይወስደው የሚጠብቀው ወንድ ልጁ እዚያው ያድር ነበር። እናትየው ቤት ቀርታለች፤ ቆማ መሄድ አልቻለችም። አባትየው ስክሪኑን ለማየት ድፍረት አጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ስላዞረ፣ የምትፈልገው ልጅቷ ነበረች። እህት ናት፤ ቶሎ አይታ ቶሎ መገላገል ፈለገች። ጎን ለጎን ሁለት መስኮት ከፍታ፣ በአንዱ አንድ ቁጥር በሌላው ሌላ ቁጥር እየጫነች ታስተያይ ጀመር። በአንደኛው መስኮት አርባ አንድን ተጫነች፤ ፎቶዎቹ ወጥተው ሳያልቁ በሁለተኛው አርባ ሁለትን አስከተለች።

በመጀመሪያው መስኮት፣ አርባ አንድ በሚለው ቁጥር ሥር፣ አንድ ያበጠ፣ ጭቃ የለበሰ፣ ዕድሜው የማይለይ ፊት ወጣ። ከሥሩ ሰማያዊ ሸሚዝ ወጣ። ደረቱ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ የአንደኛው ኪሱ ጥግ በአረንጓዴ ክር ተጥፏል። ክሩን የመረጠችው እናታቸው ናት፤ ሰማያዊ ክር አልቆባት።

ልጅቷ አባቷን በእጇ ነካ አደረገችው። በያጁ ዘወር ብሎ ሸሚዙን አየና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሁለተኛውን መስኮት ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ ይግቡና ይዩት ብሎ በሩን ሲከፍትለት፣ በያጁ ደፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልጄን እንዲህ ሆኖ ማየት አልችልም፣ ፊቱ እንደሆነ ፊት አይደለም፣ ሸሚዙ ይበቃኛል አለ። ሠራተኛው ያን ቀን ስንቱን ሲያስገባና ሲያስወጣ እንደዋለ እሱ ያውቃል፤ አላስገደደውም። ሬሳው ለጤና ተብሎ እንዳይከፈት በታሸገ ከረጢት ተሰጣቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ቀበሩት። እናትየው ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች፤ ከዚያ፣ ጎርፉ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። አርባ አንድ ቁጥርም ባለቤቱ ተገኝቷል ተብሎ ከገጹ ላይ ተነሣ።

በእነዚያ ቀናት አዳራሹን የማትለይ አንዲት ሴት ነበረች። ወንድሟ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ከታችኛው ሰፈር አንድ መጋዘን ይጠብቅ ነበር። ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። ዓይኗ ስለደከመ ማውሱን ጥንቅቋ ትይዝላታለች። ሴትዮዋ ገጹ ላይ የቀሩትን ሟቾች ሁሉ ፎቶ ከአንድም ሁለት ጊዜ አይታለች፤ ወንድሟ የለም። እየመሸ ሲሄድ፣ ነገ ደግሞ አዲስ ይመጣ ይሆናል እያለች ትሄዳለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጥንቅቋ ሴትዮዋ እንዳትደክም ብላ ሁለት መስኮት ከፈተች። በአንዱ አንድ ጢማም ሰው ተጫነች፤ በሌላው ቀጣዩን ቁጥር አስከተለች። ጢማሙ ሰው ፊቱ ወጣ። ከፊቱ ሥር የሴት አበባ ቀሚስ ወጣ።

ሴትዮዋ አልገረማትም፤ በዚያ ሰሞን የማይሆን ነገር አልነበረም፣ ጎርፍ ሰውን ምን እንደሚያለብሰው ማን ያውቃል ብላ ይሆናል። ጥንቅቋ ግን መስኮቶቹን ዘግታ እንደገና ከፈተች፤ አሁን ልክ ሆነ። ደግማ፣ ፈጠን አድርጋ ከፈተች፤ ቀሚሱ ተመልሶ ጢማሙ ሰው ሥር መጣ። በሁለተኛው መስኮት የተጫነችው ቁጥር ማስታወሻው ላይ በመጀመሪያው ቁጥር ፈንታ ሲጻፍ፣ የመጀመሪያው መስኮት የልብስ ፎቶ ዘግይቶ መጥቶ አዲሱን ቁጥር አንብቦ ነው የወጣው። ቁልፉ ቢኖር ኖሮ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ለሴትዮዋ መጣሁ ብላት ቁልፉን እዚያው ተቀምጣ መለሰችው። አዳራሹ እንደገና በግራጫ ሳጥን ተሞላ፤ ማጉረምረም ተጀመረ። እሷ ግን ወደ ሬሳ ክፍሉ እየሄደች ነበር። ሠራተኛውን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬሳ ከወሰዱት ሰዎች መካከል ገብቶ ሳያይ የወሰደ አለ ወይ?

ሠራተኛው አርባ አንድን የወሰደ አንድ በያጅ አለ አላት። ስለ ሸሚዙም ነገራት።

ቀጣዩን ቁጥር፣ አርባ ሁለትን፣ እንዲከፍትላት ለመነችው። ከዚያ በፊት ሬሳ በፎቶ እንጂ በአካል አይታ አታውቅም። ሠራተኛው መሳቢያውን ሳበው። ሰማያዊ ሸሚዝ፤ ደረቱ የተበሳሳ፤ የኪሱ ጥግ በአረንጓዴ ክር የተጣፈ። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሠራተኛው መሳቢያውን መልሶ ዘጋው፤ ወንበር አመጣላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። ነገሩን ስትነግረው ያሰበውን ነገራት። አርባ ሁለት ፈላጊ ካጡት ጋር አብሮ ይቀበር፤ ስህተቱ ታርሟል፣ ሁለተኛ አይደገምም፤ ነገሩ ከወጣ ሕዝቡ የቀሩትንም ሬሳዎች አያምንም፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማን ይችለዋል።

«ያም አፈር ነው፣ ይህም አፈር ነው» አላት። «ሰውየው ልጄን ቀበርኩ ብሎ ዕንባውን ጠርጓል። አንቺ ሄደሽ ምን ልታደርጊለት ነው? ልጁን ሁለተኛ ልትገድዪበት?»

ላፕቶፗን አንሥታ ወጣች። ያለው ነገር ሁሉ እውነት ይመስል ነበርና።

ቤት ስትገባ እናቷ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጇ ፊቷ ሲጠቁር ምክንያቱን ሳትሰማ እራት አታቀርብም። ጥንቅቋ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ካውያውን አቁማ ሰማቻት፤ ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

«አንቺ ብትሆኚ ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «የት እንደተኛሽ ማወቅ እፈልግ ነበር።»

በማግሥቱ ጥንቅቋ አዳራሹ ገብታ የዘበኛውን እህት አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከገጹ ላይ የተነሣውን አርባ አንድን ፈልጋ አወጣች። ፊቱን ሴትዮዋ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች፤ አላወቀችውም። ልብሱ የዘበኛ ካፖርት ነበር፤ ካፖርት ደግሞ ስንቱ ዘበኛ ይለብሳል። ሦስተኛው ፎቶ የግራ ባቱ ነው፤ ባቱ ላይ ጨረቃ የመሰለ የቆየ ጠባሳ አለ።

ሴትዮዋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «የመጋዘኑ ውሻ ነው» አለች። «መጀመሪያ ሥራ የገባ ዕለት የራሳቸው ውሻ ነክሶት።» ከዚያ፣ «የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

ጥንቅቋ እንዴት እንደተቀየረና በማን ስም እንደተቀበረ፣ ጥፋቱም የእሷ እንደሆነ ነገረቻት። ሴትዮዋ ሳታቋርጣት ሰማች።

«ያለቀሰለት ሰው ነበር?»

«ብዙ ሰው ወጥቶለታል ይላሉ።»

«እንግዲያስ ከኔ ተሻለ» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ብሆን ብቻዬን ነበርኩ።» የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ይዛ ቆየችና፣ አፈሩ አይነካበት፣ ይበቃዋል፣ የሌላ ሰው ስም ተሸክሞ እንዲተኛ ግን አልፈልግም ብላ ተነሣች።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት የሚባል ነገር አልነበረም።

የበያጁን ቤት ያገኘችው እየጠየቀች ነው። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። ልጅቷ በሩን ከፈተችላት፤ በያጁም ከውስጥ ወጣ። ከሆስፒታሉ እንደመጣች፣ የፎቶውን ሥራ የሠራችው እሷ እንደሆነች ስትነግረው ሰውየው ሁለት እጇን ያዘ። ወደ ውስጥ እየሳባት ሚስቱን ጠራ፤ ይህቺ ናት ልጃችንን ያገኘችልን አላት። እናትየው ጥቁር ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ሳመቻት። ወንበር ተሰጣት፤ ውሃ ቀረበላት። ግድግዳው ላይ የልጁ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይስቃል። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። የቀረው በመጨረሻ ልትለው ያሰበችው ብቻ ነበር።

«የቀበራችሁት ልጃችሁን አይደለም» አለች።

በያጁ ያልሰማ ይመስል ጆሮውን ወደሷ ዘንበል አደረገ። እናትየው ግን ሰምታለች። ፊቷ ላይ የሆነውን ጥንቅቋ ካየች በኋላ፣ አፍ ከፍታ የተናገረችበትን ቅደም ተከተል በሕይወቷ ሙሉ ስትረግም ኖራለች። እናትየው ፊቷ በራ።

«አላልኩህም?» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «ልቤ አልተቀበለውም አላልኩህም?»

ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ሳበችና ጣለችው። ልጇን፣ ተነሽ የወንድምሽን ፍራሽ አውጪ አለቻት። መቼም ርቦት ነው የሚመጣው እያለች ወደ ጓዳ ገብታ ድስት ታንኳኳ ጀመር። ልጅቷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በያጁ ሚስቱንና እንግዳዋን እያፈራረቀ ያያል፤ እሱም እንደ ሚስቱ ለማመን እንደፈለገ ያስታውቃል።

«እናቴ» አለች ጥንቅቋ። «እናቴ፣ ልጅዎ ሆስፒታል ነው ያለው።»

እናትየው ከጓዳው ብቅ አለች። «ቆስሎ ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ። ሬሳ ክፍል ነው።»

እናትየው ድስቱን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። የጮኸችው ልጅቷ ናት፤ ሁለቱን መስኮት የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያደባለቅኩት እያለች ፊቷን መምታት ጀመረች። ጥንቅቋ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የእሷ የራሷ እንደሆነ ልታስረዳት ብትሞክር የሚሰማት አልነበረም። በያጁ ልጁን እቅፍ አድርጎ ያዛትና በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ጥንቅቋን፣ «ውጪ ጠብቂኝ» አላት።

ወደ ሆስፒታሉ አብረው ሄዱ። መንገዱን እንዳጋመሱ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ጠየቃት። የቴክኒኩን ቋንቋ ትታ፣ ተራ የሚያስይዝ ቁልፍ እንደነበረ፣ ሰው እንዳይጉላላ ብላ ሌላ መላ ሳታበጅለት እንዳነሳችው ነገረችው። በያጁ ብየዳው ሳይበርድ የሚጭኑበት እኛም ዘንድ አለ አላት። ይቅር ማለቱ አልነበረም፤ መረዳቱ ብቻ ነበር። ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «እኔም በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ» አለ። «ፈርቼ።»

በዚህ ጊዜ ገባ። ሠራተኛው መሳቢያውን ሳበለት። በያጁ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየው፤ ጭቃው ታጥቦ ስለነበር ቅንድቡ ይለይ ነበር። ከዚያ በአውራ ጣቱ የኪሱን አረንጓዴ ክር ዳሰሰው። እሱ ነው ብሎ ወጣ። ከበሩ ውጪ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ያን ሁሉ ዘመን እሳት የያዙ እጆቹን ያይ ጀመር።

ሁለተኛው ቀብር ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ጎረቤቱ አንዴ ወጥቶ፣ አንዴ አልቅሶ ጨርሷል፤ ለአንድ ልጅ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሚለቀስ የሚያውቅም አልነበረም። አንዳንዱ ያፍራል፤ አንዳንዱ ሆስፒታሉን ሲረግም ይውላል እንጂ አይመጣም። የመጀመሪያው መቃብር ላይ የነበረው የልጁ ስም ተነሥቶ የዘበኛው ስም ተተካ። ልጁ ከጎኑ ተቀበረ። ጥንቅቋ ከኋላ፣ ዛፉ ሥር ቆመች።

የዘበኛው እህት ማንም ሳይጠራት መጣች። ቤተሰቡን አታውቃቸውም። ቀጥ ብላ ወደ እናትየው ሄዳ አቀፈቻትና፣ «ወንድሜን ያለቀሳችሁለት እናንተ ናችሁ፤ ልጃችሁን ላለቅስላችሁ መጣሁ» አለቻት። ያን ቀን እስኪበቃት ያለቀሰች እሷ ናት። በያጁም ከእሷ ጋር አለቀሰ።

እናትየው ግን አንድ ዘለላ ዕንባ አልወጣትም። አፈሩ ሲመለስ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ሴት ልጇ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ይሄስ የማን ልጅ ይሆን?» አለች።

ድርጅቱ ለሆስፒታሉ ያዘጋጀው ሪፖርት፣ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ሁለት መስኮት በመክፈታቸው የተፈጠረ ችግር ይል ነበር። አለቃዋ እንድትፈርምበት አመጣላት። ጥንቅቋ ያቺን ፊቷን የምትመታ ልጅ አስባ አልፈርምም አለች፤ የሆነውን እንደሆነ በራሷ ጽፋ ለአስተዳዳሪው ሰጠች። አስተዳዳሪው አንብቦ ገጹን አስዘጋው። ሰዉ እንደ ቀድሞው ሬሳ ክፍሉ በር ላይ ተሰለፈ፤ እየገባ፣ እየገለጠ፣ እየወደቀ። አለቃዋ ሥራ ልቀቂ አላላትም፤ ከዚያ ወዲያ ግን በቢሮው ውስጥ ቀና ብሎ የሚያያት ሰው ስላልነበረ ራሷ ለቀቀች። ጥንቅቋ ብሎ የሚጠራትም አልነበረም።

ወደ በያጁ ቤት ሄዳ መጠየቅ አላቋረጠችም። አንዳንዴ ለእናትየው መድኃኒት ይዛ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ዝም ብላ ልጅቷ አጠገብ ትቀመጣለች። ልጅቷ ኮምፒውተር መንካት ትታ፣ ትምህርቷንም አቋርጣ ነበር። እናትየው ከሁሉም ጋር እንደ ደህና ሰው ትነጋገራለች፤ ልብስ ታጥባለች፣ ታበስላለች። የአንድ ሰው ድርሻ ግን ሁልጊዜ ተከድኖ ይቀመጣል። ባሏ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቅንድቡን አይቼዋለሁ ቢላት፣ ያኔም ሸሚዙን አይቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር ትለዋለች። አንዴ የተሳሳተ ሁለተኛ አይሳሳትም ብሎ ማን ሊምልላት ይችላል?

አንድ ቀን ጥንቅቋ ገና በሩን ሳታንኳኳ በያጁ ወጣና ከኋላው ዘጋው። ሸብቷል። ብየዳ ቤቱን አልከፈተም። በሩን በጀርባው ተደገፈ።

«ልጄ፣ እኛ አንቺን አልጠላንሽም» አላት። «ግን ከእንግዲህ አትምጪ። አንቺን ባየች ቁጥር የተገኘ እየመሰላት ነው።»

እሺ፣ ጋሼ አለችው። የያዘችውን መድኃኒት እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከበሩ ኋላ እናትየው፣ «ማነው? እሷ ናት? ምን አለች?» እያለች ስትጠይቅ ይሰማል። በያጁ ገብቶ በሩን ዘጋው። ጥንቅቋም ቁልቁለቱን ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አልፋ አታውቅም።